ደሙን ከተቀበልን ዜግነቱን አንንፈገው

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከአንድ ወጣት ታሪክ ልነሳ። ሆሴ ጉቲየሬስ ይባላል። ጓቴማላ ነው የተወለደው። እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ጎዳና ላይ አደገ። ሜክሲኮን አቋርጦ፣ ያለ ወረቀት፣ አሜሪካ ገባ። እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ፤ ቆየት ብሎም ማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር ወታደር፣ ሆነ። ማርች 21 ቀን 2003 ኢራቅ ውስጥ ተገደለ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ከወደቁት የአሜሪካ ወታደሮች አንዱ እሱ ነው።

የሞተው ለአሜሪካ ነው። ሲሞት ግን የአሜሪካ ዜጋ አልነበረም። ዜግነቱ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። ያ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ድምፅ አይሰጥበት፣ ፓስፖርት አያወጣበት፣ እህቱን አያስመጣበት።

የዛሬው ጥያቄያችን ዜጋ ያልሆነ ሰው ወታደር ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነው። እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ነገር ግን "ይሁን" ያለ ሀገር ዕዳ ይገባበታል። ብዙ ሀገሮች ወታደሩን ወስደው ዕዳውን ረስተዋል። የመጣሁት ስለዚህ ዕዳ ልናገር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የውጭ ዜጎች ሌጅዮን የሚባለው የፈረንሳይ ጦር ክፍል ከተቋቋመ ከ1831 ጀምሮ ከየትም ሀገር የመጣ ሰው ይቀጥራል። ካናዳ በ2022 ለቋሚ ነዋሪዎቿ የሠራዊቷን በር ከፈተች። አውስትራሊያም በ2024 ከኒውዚላንዳውያን ጀመረች፤ በዓመቱ እንግሊዛውያንን፣ አሜሪካውያንንና ካናዳውያንን ጨመረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው አጥተዋል። የራሳቸው ወጣቶች የሚፈለገውን ያህል እየተመዘገቡ አይደለም።

"ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዴት ይታመናል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄውን አልንቀውም። የሀገር ምስጢር ቀልድ አይደለም። ግን ጆን ዎከርን አስታውሱ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በ1985 እስኪያዝ ድረስ የባሕር ኃይሉን የምስጢር መልእክት መፍቻ ለሶቭየት ኅብረት ሲሸጥ ኖረ። የፈለገው ገንዘብ ነበር። ዜግነቱ ከምንም አላገደውም። ስለዚህ ምስጢር የሚነካ ቦታ ላይ የሚመደብ ሰው ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን አይሁን፣ በደንብ ይጣራ። የሌላው ሥራ በር ግን አይዘጋ።

"ከተወለደበት ሀገር ጋር ጦርነት ቢነሳስ?" ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እዚያ ግንባር አይላክ። ሰውን በእናቱ ሀገር ላይ ማስተኮስ ለማንም አይበጅም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ሀብታም ሀገሮች የድሃ ልጅ እየገዙ ጦርነት ሊሰዱት ነው ወይ? የራሳቸው ልጆች ቤታቸው ተኝተው፣ ወረቀት የቸገረው ሰው ይሙትላቸው? ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። ከዚህ በፊት ደርሷልና።

የፊሊፒንስ ወታደሮችን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1941 ፊሊፒንስ በአሜሪካ ሥር ነበረች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፊሊፒንስን ጦር በአሜሪካ ጦር ሥር እንዲሰለፍ ጠሩት። ከ200,000 በላይ ፊሊፒናውያን ከጃፓን ጋር ተዋጉ። በረሃብ አለቁ፣ በምርኮ አለቁ። ሲዋጉ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ወታደር ጥቅማቸው እንደሚከበርላቸው አምነው ነበር። ጦርነቱ አለቀ። በ1946 ኮንግረሱ ሕግ አወጣና የእነዚህ ሰዎች አገልግሎት ለአብዛኛው ጥቅማ ጥቅም አይቆጠርም አለ። ሜዳ ላይ ጣሏቸው።

ካሳ የተፈቀደላቸው በ2009 ነው። ከ60 ዓመት በላይ አልፎ! አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል። በሕይወት የቀሩት በሰማንያና በዘጠና ዓመት ዕድሜ ላይ ነበሩ። የአሜሪካ ዜግነት ላለው 15,000 ዶላር፣ ለሌለው 9,000 ዶላር ተወሰነ። በአንድ ምሽግ አብረው የተራቡ ሁለት ሽማግሌዎች በወረቀታቸው ምክንያት 6,000 ዶላር ተበላለጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

እንግሊዝም ከዚህ አታመልጥም። ጉርካ የሚባሉት የኔፓል ወታደሮች ከ1815 ጀምሮ ተዋግተውላታል። ከ1997 በፊት ጡረታ የወጡት እንግሊዝ ውስጥ የመኖር መብት ያገኙት ግን በ2009 ነው፤ ያውም ከብዙ ሰልፍና ከብዙ ክርክር በኋላ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዛሬም የሚያንገበግብ ነገር አለ። ወታደር መሆን ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ራስህ ማመልከት አለብህ። ሳያመለክት የቀረ፣ ወይም ማመልከቻው መንገድ ላይ የቀረበት ሰው፣ ከሠራዊቱ ወጥቶ ወንጀል ቢፈረድበት ከሀገር ሊባረር ይችላል። ተባርረዋልም። ጥፋተኛ አይቀጣ እያልኩ አይደለም። ዜጋ የሆነው ጓደኛው በዚያው ጥፋት ታስሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሱ ግን እስሩን ጨርሶ ይባረራል። የሚገርመው፣ በክብር የተሰናበተ ከሆነ፣ ሲሞት አስከሬኑ በወታደሮች መካነ መቃብር በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ እንዲያርፍ መብት ሊኖረው ይችላል። በሕይወቱ የተከለከለውን ድንበር ሞቶ ይሻገራል ማለት ነው።

ስለዚህ ዜጋ ያልሆነን ሰው የሚመለምል ሀገር ሁሉ ይህን በሕጉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ዜግነቱ ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ማመልከቻውን የሚሞላውም ሠራዊቱ ይሁን። አሥራ ምናምን ሰዓት ሲሠለጥን የዋለ ልጅ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተት። ክፍያም አይጠየቅ። ጡረታውና ሕክምናው ከጓደኛው እኩል ይሁን። ፈረንሳይ በ1999 ባወጣችው ሕግ በውጊያ የቆሰለ የሌጅዮኑ ወታደር ከጠየቀ ዜግነት ያገኛል። ጥሩ ነው። ለእኔ ግን እስኪቆስል መጠበቁም አይዋጥልኝም።

ይህ የማይቻል ነው የሚለኝ ካለ፣ ተሞክሮ ታይቷል። የአሜሪካ ጦር በ2009 ፎርት ጃክሰን በሚባለው የማሠልጠኛ ጣቢያ አንድ አሠራር ጀምሮ ነበር። ምልምሎቹ መሠረታዊ ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ እዚያው ዜጋ ሆነው እንዲመረቁ ወረቀታቸውን ጣቢያው ውስጥ ማስጨረስ ነው። ሥልጠናው አሥር ሳምንት ያህል ነው። አሥር ሳምንት በቃ! ይህ አሠራር በሆሴ ጉቲየሬስ ጊዜ ቢኖር ኖሮ፣ ኢራቅ ከመግባቱ በፊት ያንን ወረቀት በእጁ ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

አመሰግናለሁ።