ጋሼ ስፔን ሊገቡ ነው፦ የፀሐይ ዳርቻ የወር ወጪ ሲሰላ

[ምስል፦ ጎንደር ፒያሳ፣ ጠዋት። ባጃጆች ያልፋሉ።]

እንዴት ናችሁ? ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ዛሬ የምናሰላው ግን የባሕር ዳርቻ ኑሮን ነው። አዎ፣ ባሕር የሌለው ከተማ ተቀምጬ ስለ ባሕር ዳርቻ ላወራ ነው። ጥፋቱ የአጎቴ ነው።

ጋሼ ለንደን ነው የሚኖሩት። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው አሁን ጡረታ ወጡ። ባለፈው ደወሉልኝና «የዚህ አገር ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ስፔን ልገባ ነው። በወር 1200 ዩሮ ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ አንተ ሒሳብ ትወዳለህ፣ አስላልኝ» አሉኝ።

አሰላሁላቸው።

[ምስል፦ የደቡብ ስፔን ካርታ።]

ቦታው ኮስታ ዴል ሶል ይባላል። የፀሐይ ዳርቻ ማለት ነው። ደቡብ ስፔን፣ ማላጋ አውራጃ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው። ቶሬሞሊኖስ፣ ፉኤንሂሮላ፣ ማርቤያ የሚባሉት ከተሞች እዚያው ናቸው። እንግሊዙም ጀርመኑም ጡረታ ሲወጣ ወደዚያ ይነጉዳል። ፉኤንሂሮላ ውስጥማ የፊንላንድ ትምህርት ቤት ሁሉ አለ። «የ13 ወር ጸጋ» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ፀሐይ ፍለጋ አገር መቀየር ግር ይላል። ለንደን የከረመ ሰው ግን ይገባዋል።

ወደ ወጪው ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ትንሽ እንቁም።

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለች። ስለዚህ ጋሼ በእንግሊዝ ፓስፖርታቸው ስፔን ውስጥ እንደ ድሮው ዝም ብለው መኖር አይችሉም። ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። እዚያ ሳይሠራ በራሱ ገንዘብ ለሚኖር ሰው የሚሰጥ ቪዛ አለ። የገቢው ልክ የሚሰላው አይፕሬም በሚባል የመንግሥት መለኪያ ነው። መለኪያው ከ2023 ወዲህ በወር 600 ዩሮ ነው። አመልካቹ የዚህን አራት እጥፍ ማሳየት አለበት። ማለትም በወር 2400 ዩሮ። ባለቤታቸው አብረው ከሄዱ ሌላ 600 ይጨመራል።

አሁን የጋሼን ጡረታ እንይ። የእንግሊዝ መንግሥት ሙሉ ጡረታ በ2025 በሳምንት 230 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ነበር። በወር ወደ 1000 ፓውንድ ይጠጋል። ወደ ዩሮ ሲመነዘር 1200 አይሞላም። የሚጠየቁትን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ቀሪውን በመሥሪያ ቤት ጡረታ ወይም ባንክ ባስቀመጡት ገንዘብ መሙላት አለባቸው። ልብ በሉ፣ 1200 ዩሮ ለኑሮ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ገና አልነካነውም።

የጀርመን ወይም የስዊድን ፓስፖርት ያለው ሀበሻ ግን ይህ የ2400 ዩሮ ግድግዳ የለበትም። ስለዚህ አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ ቁጥር ሲጠራላችሁ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ጠይቁት።

(በነገራችን ላይ ዩሮውን ወደ ብር አልመነዝርላችሁም። ቪዲዮው ሳያልቅ ምንዛሬው ሊቀየር ይችላል።)

[ምስል፦ የፋሲል መዋኛ፣ ጥምቀት፣ ሕዝቡ።]

ቤት ኪራይ። ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። የጎንደር ሰው ደግሞ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በጥምቀት ሰሞን እዚህ አንድ ክፍል ስንት ይገባል? በሌላ ጊዜ ባዶውን የሚውል አልጋ ለጥር 11 በልመና ነው የሚገኘው። እዚያም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የእነሱ ጥምቀት ሁለት ወር ሙሉ መቆየቱ ነው። እኛ ጭቃ ስንረግጥ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አውሮፓ በሙሉ ዳርቻው ላይ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ አከራዮች ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ ያከራያሉ። ሰኔ ሲያልቅ ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ። ቤቱ በሳምንት ሒሳብ ለቱሪስት ይከራያል። በርካሽ ተከራየሁ የሚላችሁ ሰው ስለ አሥር ወር እያወራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ወር የት እንደሚያሳልፍ ጠይቁት።

ዓመቱን ሙሉ የሚከራይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አሁን ከ1000 ዩሮ በታች ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሕጉ የአንድ ወር መያዣ ያስከፍላል። አከራዩ እስከ ሁለት ወር ኪራይ የሚደርስ ተጨማሪ ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ሲደመር፣ ጋሼ ቁልፉን ሳይጨብጡ 4000 ዩሮ ሊያወጡ ይችላሉ። የደላላው ክፍያ ከ2023 ወዲህ በአከራዩ ላይ ነው። ይህ ግን ለመደበኛ መኖሪያ ውል ነው። የወቅት ኪራይ ከዚህ ውጭ ነው። ብዙ አከራይ የወቅት ውል የሚወደውም ለምን እንደሆነ ገባችሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ ብርድ። አዎ፣ ፀሐይ ዳርቻ ላይ።

ቤቶቹ የተሠሩት ሙቀት ለማባረር ነው። ወለሉ ሸክላ ነው። ብዙዎቹ ማሞቂያ የላቸውም። በጥር ሌሊት ማላጋ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ለጎንደሬ 8 ዲግሪ ጋቢ የሚመልሰው ነገር ነው። ጋሼ ግን ማሞቂያ ይሰካሉ፣ መብራቱም ይቆጥራል። በመንግሥት ታሪፍ የመብራት ዋጋ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በእኛ አቆጣጠር በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ 8፣ ከዚያም ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት እሳት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይረክሳል። ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ ርካሽ ነው። መብራት ባይነካም የሚከፈል ቋሚ ክፍያ አለ። እንግዲህ ልብስ የሚታጠበው እሑድ ነው። ጋሼ ከቅዳሴ መልስ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚቀረጡት፤ መደበኛው 21 በመቶ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ምግብ፣ ዳቦና መጠጥ በአንድ ዋጋ የሚያቀርቡ ቤቶች ሞልተዋል። ሽሮና በርበሬ ከዚህ ይላካል፣ እሱ የእኔ ወጪ ነው።

ሕክምናስ? የእንግሊዝ መንግሥት ጡረተኛ ኤስ ዋን የሚባል ፎርም ያወጣል። ስፔን ታክመዋለች፣ ሒሳቡን እንግሊዝ ትከፍላለች። ይህ ለሌለው ሰው የግል ኢንሹራንስ ግድ ነው። አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ግን በመንግሥት ሕክምና መመዝገብ ይችላል። ከ65 ዓመት በታች ከሆነ በወር 60 ዩሮ፣ 65 ከሞላው 157 ዩሮ ይከፍላል።

[ምስል፦ ደብተር ላይ የተጻፈ ሒሳብ።]

የእኔ ግምት ይኸውላችሁ። ኪራይ 1000። ምግብ 300። መብራት፣ ውኃ፣ ጋዝና ኢንተርኔት 150። ትራንስፖርት፣ ቡናና ልዩ ልዩ 200። 1650 ዩሮ፣ ለአንድ ሰው፣ ሳይንዘላዘል።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «ከመወሰንዎ በፊት አንድ ወር ተከራይተው ይሞክሩት። ሐምሌ ላይ ሳይሆን ጥር ላይ፣ ብርዱን እንዲያዩት» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ጥር ላይማ ጥምቀት ነው። ጎንደር ነኝ። ክፍል ያዝልኝ» አሉ።

ከትናንት ጀምሮ ሆቴሎች ጋ እየደወልኩ ነው። አንድ ክፍል አግኝቻለሁ። ዋጋውን ግን ገና አልነገርኳቸውም።