ፊርማ በሞዴል መኪና ላይ፦ ዋጋ ይጨምራል ወይስ ያበላሻል? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

በዚህ ክፍል በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም ለስብስብ በተያዘ ሞዴል መኪና (የእውነተኛ መኪና ትንሽ አምሳያ) ላይ የታዋቂ ተወዳዳሪ ወይም የንድፍ ባለሙያ ፊርማ ማረፉ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ነው። መልሶቹን የሰጡት ስለ ሞዴል መኪና ስብስብ አያያዝ የሚያማክሩ ባለሙያ ናቸው። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አንድ አድማጭ፦ ሞዴል መኪና ማስፈረም ዋጋውን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? አብረውኝ ከሚሰበስቡ ጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ላይ መግባባት አልቻልንም።

መግባባት ያልቻላችሁት ምናልባት ስለ ሁለት የተለያዩ ገዢዎች እየተነጋገራችሁ ስለሆነ ይመስለኛል። አንደኛው ገዢ የሚፈልገው ሞዴሉን ራሱን ነው፤ ቀለሙ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን፣ ጎማው አለመተካቱን፣ ሳጥኑ አለመቀደዱን ይመረምራል፤ ለእርሱ በኮፈኑ ላይ ያረፈ ቀለም የማንም ይሁን የማን ጉድለት ነው። ሁለተኛው ገዢ የሚፈልገው ፊርማውን ነው፤ ለዚህኛው መኪናው ፊርማው ያረፈበት ቁስ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊርማ የሚያደርገው ነገር ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ ሳይሆን ሞዴሉን ከመጀመሪያው ገዢ እጅ አውጥቶ ለሁለተኛው ማስረከብ ነው። የሚያተርፉትም ሆነ የሚከስሩት ሁለተኛው ገዢ ከመጀመሪያው የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑን ተከትሎ ነው፤ ይህንንም ማወቅ ያለብዎት ብዕሩ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ነው።

ሁለተኛውን ገዢ የሚስበው ከሁሉ በላይ በፈራሚውና በዚያች መኪና መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ጂም ክላርክ የነዳትን የሎተስ መኪና ሞዴል ጂም ክላርክ ፈርሞበት ቢገኝ ነገሩ ትልቅ ነው፤ ክላርክ በሚያዝያ 1968 በሆከንሃይም በደረሰበት አደጋ በ32 ዓመቱ ስለሞተ ትቶት ያለፈው ፊርማ ውሱን ነው። ያንኑ ሞዴል መኪናዋን ነድቷት የማያውቅ ሌላ ዝነኛ ሰው ቢፈርምበት ግን ሁለቱም ገዢዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። የፊርማው ብዛትም ዋጋውን ይወስናል። ናስካር በተባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሪቻርድ ፔቲ ለደጋፊዎቹ በትዕግሥት በመፈረም የታወቀ ሰው ነው፤ ይህ ልማዱ እጅግ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ እውነተኛ የፔቲ ፊርማ ማግኘት ብዙም አስቸጋሪ ስላልሆነ ፊርማው ብቻውን በብርቅ ሞዴል ላይ የሚደርሰውን ጉድለት የሚያካክስ ጭማሪ አያመጣም።

አንዲት አድማጭ፦ ከአባቴ የወረስኩት፣ ኮርጊ የተባለው የአሻንጉሊት መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው የጄምስ ቦንድ አስተን ማርቲን ዲቢ 5 ከነሳጥኑና ከነወረቀቱ አለኝ። በፊልሙ ሥራ የተሳተፈ ሰው የሚገኝበት ዝግጅት ስላለ ላስፈርመው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

እባክዎ መኪናውንም ሳጥኑንም አያስፈርሙ። ይህን የምለው ያለ ምንም ማመንታት ነው።

ያ ሞዴል በወርቃማ ቀለሙ፣ ተስፈንጣሪ ወንበሩ ወደ ውጭ በሚወረውረው ሰው፣ በተለዋጭ አሻንጉሊቱና በምስጢራዊ የመመሪያ ወረቀቱ ምክንያት ሰብሳቢዎች ሙሉነቱን እየቆጠሩ የሚፈልጉት ዕቃ ነው። ልጆች ስለተጫወቱበት አብዛኛው ተለዋጭ ዕቃውን አጥቷል፤ እርስዎ የያዙት ሁሉን አሟልቶ ከተገኘ ዋጋው ያረፈው በዚያው በመሟላቱና ባልተነካ መሆኑ ላይ ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ በላዩ ላይ የሚያርፍ የማርከር ቀለም ለሞዴሉ ታሪክ ምንም አይጨምርለትም፤ የተጻፈውን ደግሞ ሳይጎዱ ማስለቀቅ አይቻልም። ሳጥኑም ከመኪናው ባልተናነሰ የሚፈለግ የካርቶን ሥራ በመሆኑ ለእርሱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ፊርማውን ማጣትም የለብዎትም። በጥሩ ወፍራም ወረቀት ላይ ያስፈርሙና ከሞዴሉ ጎን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። ሁለቱ አብረው ይታያሉ፤ ነገ ሊለያዩ ቢያስፈልግም ይለያያሉ። ከአባትዎ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አባትዎ ሲይዙት የነበረበትን መልክ መጠበቁ በራሱ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ አድማጭ፦ እኔ የምሰበስበው ማቴል የተባለው ድርጅት የሚያመርታቸውን ሆት ዊልስ የሚባሉ ትናንሽ መኪኖች ነው፤ አብዛኞቹን ከነማሸጊያቸው አስቀምጫለሁ። የንድፍ ባለሙያው ሲፈርም ካርዱ (ከመኪናው ጀርባ ያለው የማሸጊያ ካርቶን) ላይ ይሁን መኪናው ላይ?

ካርዱ ላይ። ማሸጊያውን ከፍተው መኪናውን ካስፈረሙ ያልተከፈተ የመሆን ዋጋውን ወዲያው ያጡታል፤ በካርዱ ላይ ካስፈረሙ ግን መኪናው በነበረበት ይቆያል፣ ፊርማውም ለመጻፍ ምቹ ቦታ ያገኛል። መኪናውን የሸፈነው ፕላስቲክ ላይ ግን አያስፈርሙ፤ ለስላሳ ስለሆነ ቀለሙ በመዳሰስ ብቻ ይለቃል፣ ፕላስቲኩ ራሱም በዘመን ብዛት ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል።

በሆት ዊልስ ዘንድ የንድፍ ባለሙያ ፊርማ የተለየ ክብር ያለው መሆኑን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1969 ማቴልን የተቀላቀለው ላሪ ውድ ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ሞዴሎችን የነደፈ ሰው ነው፤ ከነዚህ አንዱ በ2006 የወጣው ቦን ሼከር ነው። ውድ በቦን ሼከር ካርድ ላይ ቢፈርም መኪናዋን ከአእምሮው ያወጣት ሰው የፈረመባት ስለሆነች ግንኙነቱ የማያጠያይቅ ነው። እርሱ ባልነደፈው ሞዴል ላይ ሲፈርም ግን የሰውዬው ዝና ብቻ ይቀራል። ከመሰለፍዎ በፊት ያንን ሞዴል ማን እንደነደፈው ያጣሩ፤ ይህ ትንሽ ሥራ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው።

አንዲት አድማጭ፦ የእሽቅድምድም መኪና ዘመናዊ 1፡18 ሞዴል (ርዝመቱ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥራ ስምንተኛ የሆነ) ገዝቻለሁ፤ ተወዳዳሪው ራሱ ሊፈርምልኝ ነው። በየት ቦታና በምን ዓይነት ብዕር ቢፈርም ይሻላል?

ይህ ፊርማ በጣም የሚያምርበት ሁኔታ ስለሆነ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ዘመናዊ ሞዴል ስለሆነ ተመሳሳዩን ማግኘት ይቻላል፤ ፈራሚውም መኪናዋን የነዳው ሰው ነው። ቀሪው ሥራውን በንጽሕና ማከናወን ነው።

ስለ ቦታው መጀመሪያ ልኬቱን ያስቡ። አራት ሜትር ተኩል የሚረዝም መኪና በ1፡18 ልኬት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡43 ልኬት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡64 ልኬት ደግሞ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሙሉ ስሙን መጻፍ የለመደ እጅ በ10 ሴንቲ ሜትር መኪና ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ የተኮማተረና የማይነበብ ጭረት ነው። በ1፡18 ሞዴል ላይ ግን ጣሪያው ወይም ኮፈኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ይበቃል። የፊት መስታወቱም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቀለም የተቀባውን አካል ሳይነካ በግልጽ ይታያል። የድጋፍ ሰጪዎች አርማና የመወዳደሪያ ቁጥር በታተመባቸው ቦታዎች ላይ አያስፈርሙ፤ ፊርማው ከሕትመቱ ጋር ተደባልቆ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሞዴሉ የቆመበት መደብ ካለው መደቡ ላይ ማስፈረም ከሁሉ የተጠበቀው መንገድ ነው፤ እኔ ለራሴ የምመርጠውም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው እንዳለ ይቀራል፣ ፊርማውም ከመኪናው አይለይም።

ስለ ብዕሩ ደግሞ ሰዎች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙት ተራ ቋሚ ማርከር ማቅለሚያው በፈሳሽ የሟሟ ስለሆነ ብርሃን ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፤ ጥቁሩ በጊዜ ብዛት ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቡናማ ሲያደላ የታየውም ለዚህ ነው። በዱቄት ቀለም የተሠራው የቀለም ማርከር ብርሃንን የተሻለ ይቋቋማል፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ በሆነ መኪና ላይም ብርማውና ወርቃማው በግልጽ ይነበባሉ። ሆኖም በአንዳንዱ የቀለም ማርከር ውስጥ ያለው አሟሚ ፈሳሽ የሞዴሉን አብረቅራቂ ሽፋን ወይም መስታወት መሰሉን ፕላስቲክ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በመኪናው የታች ክፍል፣ ነጥብ አድርገው አንድ ቀን ይጠብቁ። ብዕሩን ነቅንቀው በወረቀት ላይ ካስጀመሩት በኋላ ለፈራሚው ይስጡ፤ የመጀመሪያዋ የቀለም ጠብታ ብዙ ጊዜ የምትንጠባጠበው በዚያን ሰዓት ነው። የጣት ቅባትና የማለስለሻ ሰም ያለበት ገጽ ቀለም አይዝም፤ በትንሽ ለዘብተኛ ሳሙና በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁት። ሲፈረምም መኪናውን እርስዎ ራስዎ ከታች ይደግፉት፤ ፈራሚው ሲጫን የጎን መስታወቶችና ቀጫጭን ክንፎች በቀላሉ ይሰበራሉ።

ከደረቀ በኋላ ፊርማውን ለመጠበቅ ብለው በላዩ ቫርኒሽ አይርጩ። በርጭቱ ውስጥ ያለው አሟሚ ቀለሙን ያፈሰዋል፤ ተሳክቶልዎት ቢቀር እንኳ ነገ የሚገዛው ሰው ከሥሩ ምን እንደተደበቀ ይጠራጠራል።

አንድ አድማጭ፦ ፊርማው ደብዝዞብኛል። በላዩ መልሼ ብጽፍበት ወይም ጨርሼ ባስለቅቀውስ?

በላዩ መጻፍ የለብዎትም። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ጽሑፍ እንጂ የእርሱ ፊርማ አይደለም፤ ሳይናገሩ ከሸጡት ደግሞ ማጭበርበር ይሆናል። የደበዘዘ እውነተኛ ፊርማ ከደመቀ የተነካካ ፊርማ ይበልጣል።

ማስለቀቅን በተመለከተ ተራ ማርከርን አልኮል ያነሳዋል፤ ነገር ግን አልኮሉ የታተሙትን አርማዎችና የቀለሙንም ሽፋን አብሮ ሊያነሳ ይችላል። የወጣበት ቦታ ብርሃን ሲያርፍበት ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ሞዴሉ ፊርማውንም ንጽሕናውንም ያጣል። እንዳለ ይተዉት ነው የምለው።

አንድ አድማጭ፦ የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው የአየርተን ሴና ፊርማ ያለበት ሞዴል ከነምስክር ወረቀቱ ሊሸጥልኝ ቀርቧል። ምስክር ወረቀቱን ልመን?

ምስክር ወረቀት የሚታመነው የሰጠው አካል በሚታመነው ልክ ነው፤ ወረቀት ማተም ፊርማ ከማስመሰል እጅግ ይቀላል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኦፐሬሽን ቡልፔን» በተባለው ምርመራው የያዛቸው ሐሰተኛ ፈራሚዎች ዕቃዎቻቸውን ከሐሰተኛ ምስክር ወረቀት ጋር ነበር ለገበያ የሚያቀርቡት።

በእርስዎ ጉዳይ ከወረቀቱ በፊት መኪናውን ይመርምሩ። ሴና የሞተው ግንቦት 1 ቀን 1994 በኢሞላ ነው። ለገበያ የቀረቡት ብዙዎቹ የሴና ሞዴሎች ግን የተሠሩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፤ በሌለ ሰው እጅ የተፈረመ ነገር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ሞዴሉን የሠራው ድርጅት መቼ ለገበያ እንዳወጣው በማውጫዎቹ ያጣሩ፤ ሳጥኑ ላይ የታተመውንም ዓመት ያንብቡ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመኪናው የታች ክፍል የተቀረጸው ዓመት ሁልጊዜ የተመረተበት ዓመት አይደለም፤ ለምሳሌ በሆት ዊልስ ላይ የሚታየው ቅርጹ የተመዘገበበት ዓመት ሲሆን ያው ቅርጽ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊመረት ይችላል። ስለሆነም የታች ዓመት ሞዴሉ ከሞቱ በፊት መሠራቱን ብቻውን አያረጋግጥም።

ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ይዩት። በእጅ የተጻፈ መስመር ብዕሩ ሲያርፍ ወፈር፣ ሲነሣ ቀጠን ይላል፤ ሁለት መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታም የቀለም መደራረብ ይታያል። ከፋብሪካ የታተመ ፊርማ ግን ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ መደራረብም አይታይበትም። የታተመ ፊርማ በሐቀኝነት እንደታተመ ከተሸጠ ነውር የለበትም፤ እንደ እጅ ፊርማ ከተሸጠ ግን ዋጋው ያንኑ ያህል አይደለም። ፊርማን እየቀዳ የሚጽፍ አውቶፔን የሚባል ማሽንም አለ፤ ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲጣሉ ፍጹም የሚገጥሙ ከሆነ ማሽኑን ይጠርጥሩ፤ የሰው እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምምና።

አንዲት አድማጭ፦ ፈራሚው ስሜን ጨምሮ «ለእከሊት» ብሎ ቢጽፍልኝ ይከፋል?

ለመሸጥ ካሰቡ ገዢ ይቀንሳል፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ዕቃ የሚፈልግ ጥቂት ነው። ላለመሸጥ ከሆነ ግን ይጻፍልዎት። ስም የተጻፈበትን ፊርማ ሻጮች ስለማይወዱት አስመሳዮችም እምብዛም አይጽፉትም፤ እንዲህ ያለው ፊርማ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል።

አንድ አድማጭ፦ ፊርማው ለወደፊት እንዲታመንልኝ ዛሬ ምን ላድርግ?

ሲፈረም ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በፎቶው ላይ ብዕሩ በሞዴሉ ላይ እንዳለ የፈራሚው እጅና ፊት ይታይ። ከተፈረመም በኋላ ፊርማውን ብቻ በቅርበት ያንሡ፤ የኋለኛው ገዢ መስመር በመስመር ሊያስተያየው ይችላል። ቀኑን፣ ቦታውንና የዝግጅቱን ስም በወረቀት ጽፈው የመግቢያ ትኬቱን አያይዘው በሳጥኑ ውስጥ ያኑሩ፤ መኪናው ላይ ግን ምንም አይለጥፉ። ሞዴሉን ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን በማያገኘው መደርደሪያ ላይ፣ ቢቻል አልትራቫዮሌት ጨረርን በሚከላከል ሽፋን ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሲያነሡትም ከታች እንጂ ፊርማው ባረፈበት በኩል አይያዙት።