የወሎ ባሕር ከተራራው ሥር ነው

[ምስል፦ ከጦሳ አናት ወደ ደሴ ከተማ]

ጦሳ ላይ ወጥታችሁ የባሕር ዛጎል ብትፈልጉ የሚተርፋችሁ ድካም ብቻ ነው። ጦሳ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። የመቅደላ አምባም እንደዚያው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬቱ ተሰነጠቀና ላቫ ፈሰሰ። አንዱ ሲረጋ ሌላው ከላዩ እየፈሰሰ፣ ንብርብሩ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ወፈረ። እዚህ ውስጥ ዛጎል ከየት ይመጣል?

«ወሎ ድሮ ባሕር ነበር» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነበር። ግን እሱን የሚፈልግ ሰው መውጣት ሳይሆን መውረድ ነው ያለበት።

[ምስል፦ የሸለቆ ግድግዳ፣ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጣ ያለ]

ዓባይና ወንጭት የወሎን ጠርዝ ይዘው መሬቱን በጥልቀት ቆርጠውታል። ወደ ቆላው ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቃል። ቀጥሎ አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በታች ነጣ፣ ቢጫ፣ ግራጫ ያለ የኖራ ድንጋይ በደረጃ በደረጃ ተደርድሮ ይታያል። የባሕሩ ወለል እሱ ነው። ዕድሜው ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ይገመታል። ያኔ አፍሪካ ከማዳጋስካርና ከህንድ እየተላቀቀች ነበር። በዚያ በኩል የገባው ባሕር ኦጋዴንን አልፎ እስከ ትግራይ ደረሰ። ጥልቀት የሌለው፣ ሞቅ ያለ ባሕር ነበር።

ለዚህ ድንጋይ ስም ያወጣለትን ሰው ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል፣ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። የመጣው በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዘመተው ከናፒየር ጦር ጋር ነው። ሌላው መድፍ ሲያጓጉዝ እሱ ድንጋይ ይመረምር ነበር። የኖራ ድንጋዩን በትግራዩ አንታሎ ስም ጠራው። የላቫውን ንብርብር ደግሞ ለሁለት ከፍሎ አንዱን «አሸንጌ»፣ ሌላውን «መቅደላ» አለው። መቅደላ ሲባል የሁላችንም ልብ ወደ ንጉሡና ወደ ተዘረፈው ቅርስ ይሄዳል፤ ይሂድም። ግን ከዚያው ዘመቻ የወጣው ስም እስከ ዛሬ የጂኦሎጂ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ጉድ እኮ ነው!

[ምስል፦ በእጅ መዳፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዛጎል]

ወደ ዛጎሏ እንምጣ። ሶማሊሪንኪያ ትባላለች። ከምድር ከጠፋች ቆይታለች። ስሙን በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣችላት ሄለን ሙይር-ዉድ ናት፤ የመረመረችው ያኔ በእንግሊዝ ሥር ከነበረችው ሶማሊላንድ የተሰበሰቡ ቅሪተ አካላትን ነበር። ያቺው ዛጎል በትግራይም በዓባይ ሸለቆም ከአንታሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ትገኛለች። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ሲና ድረስ ባሕሩ ውስጥ የሚኖሩት እንስሳት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ፣ ተመራማሪዎች አካባቢውን በጠቅላላው «የኢትዮጵያ ግዛት» ይሉታል። ካርታ ላይ ያለውን ድንበር አይደለም፤ የባሕር እንስሳት ግዛት ነው።

ብዙ ሰው ሲያያት ቀንድ አውጣ ወይም ኦይስተር የሚባለው ባለሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል ትመስለዋለች። አይደለችም። ብራኪዮፖድ ከሚባሉት ወገን ናት። እነዚህ እንስሳት ዛሬም አሉ፣ ግን 400 ገደማ ዝርያ ብቻ ነው የቀራቸው። በቅሪተ አካል የሚታወቁት ከ12,000 ይበልጣሉ።

እንዴት ትለያላችሁ? ዛጎሏን በሹል ጫፏ በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ከጫፏ ጀምሮ መሐል ለመሐል ወደ ታች መስመር አስምሩ። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ መሆኗ ነው። አሁን በጎን አዙሯት። ሁለቱ ክዳኖች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ይተልቃል። የተለመዱት ባለሁለት ክዳን የባሕር ዛጎሎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ክዳኖቹ እኩል ናቸው፣ እያንዳንዱ ክዳን ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ኦይስተር ግን ባለሁለት ክዳን ቢሆንም ይህን መልክ አይከተልም፤ ሁሉ ነገሩ የተጣመመ ነው።

[ምስል፦ የዛጎሏ ጫፍ በቅርበት]

ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በሕይወት ሳለች በዚያች ቀዳዳ ሥጋዊ ግንድ አውጥታ ከጠንካራ ነገር ጋር ትጣበቅ ነበር። እግር የላት፣ አታሳድድ፣ አትሸሽ። ክዳኗን በትንሹ ገርበብ አድርጋ ውሃ ታስገባለች፣ ከውሃው ውስጥ ደቃቅ ምግብ ታጣራለች። በቃ፣ ኑሮዋ ይኸው ነው።

ከፊት ያለው ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ክዳኑ ብዙ ቢከፈት አሸዋ ይገባል፣ ጥቂት ቢከፈት ደግሞ የሚበቃ ውሃ አይገባም። ጠርዙ ሲጠማዘዝ ርዝመቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ጠባብ እንደሆነ ብዙ ውሃ ያልፋል። እንዲህ ብለው ያስረዱት ተመራማሪዎች ናቸው፣ እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ታዲያ ቆላ ወርዳችሁ አንዲት ብታገኙስ? በመዶሻ ፈልፍላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱ። በአገራችን ሕግ ቅሪተ አካል ቅርስ ነው። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና ከጫፏ፣ ከፊቷ፣ ከጎኗ ፎቶ አንሱ። ቦታውንና ከየትኛው የድንጋይ ደረጃ ላይ እንዳለች መዝግቡ፣ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ቦታዋ ያልታወቀ ዛጎል ለሳይንስ የምትሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው።

«ስሟን በፎቶ ብቻ ንገሩን» የምትሉም አላችሁ። አብሽሩ፣ ግምት ይነገራችኋል፤ ቁርጡ ግን በፎቶ አይታወቅም። የዚህ ወገን ዛጎሎች ከውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ልዩነታቸው ያለው ውስጣቸው ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዛጎሏን በጥቂት በጥቂቱ ይሞርዳታል፤ በሞረደ ቁጥር የታየውን ይስላል። ሥራው ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው ስዕሉ ነው፣ ዛጎሏ ዱቄት ሆናለች።