ለገጣፎ የተተከለ ማንጎ ለምን አያፈራም? የማንጎው ገንዘብስ የት ነው ያለው?

እንደምን ናችሁ ቤተሰቦች! ዛሬ ያለሁት ለገጣፎ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ከኋላዬ ይታያችኋል፤ ጌሾ አለ፣ ኮክ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ እዚያ ጥግ ላይ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ማንጎ ነው። ከሰንዳፋም፣ ከሰበታም፣ ከቡራዩም የምትጽፉልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ግቢዬ ውስጥ ማንጎ ብተክል ያፈራልኛል ወይ?"

ሳላንዛዛ ልመልስ። ዛፉ ይበቅላል። ፍሬውን ግን አትጠብቁ። ደግሜ ልበለው፤ ይበቅላል፣ ፍሬውን ግን አትጠብቁ።

ምክንያቱ ብርድ ነው። ማንጎ የሚስማማው ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው፤ እኛ አገር ደህና የሚያፈራው በአብዛኛው ከ1,500 ሜትር ከፍታ በታች ነው። ለገጣፎና ሰንዳፋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ፣ ማለትም አበባው ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርገው ዱቄት መሰል ነገር፣ ይደክማል፤ ብናኙ ከደከመ አበባው ፍሬ አይቋጥርም። አበባው እርጥበት ላይ ከወደቀ ደግሞ ፈንገስ ያጠቁረዋል። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ "የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ የትም ያፈራል" ብላችሁ ጽፋችኋል። ሻጮችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ሰዉ በዚህ እምነት ገንዘቡን እያወጣ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

እርሾን አስቡ። ጎረቤታችሁ እንጀራዋ የታወቀ ነው እንበል፤ ልስልስ ያለ፣ ዓይኑ ያማረ። እናንተ ደግሞ "እባክሽ እትዬ፣ ከእርሾሽ ትንሽ" ብላችሁ በጣሳ ትቀበላላችሁ። ቤታችሁ ያለው ዱቄት የራሳችሁ ነው፤ ሊጡ ግን የእሷን ጠባይ ይይዛል። ማዳቀልም እንደዚሁ ነው። ከታች ያለው ሥር ከፍሬ የበቀለ የአገር ማንጎ ነው፤ ከላይ የሚታሰረው ቅርንጫፍ ግን ከታወቀ እናት ዛፍ የተቆረጠ ነው። እናቲቱ ኬንት የሚባለው የማንጎ ዝርያ ከሆነች ፍሬው ኬንት፣ አፕል ማንጎ የሚባለው ዝርያ ከሆነች አፕል ማንጎ ነው።

እሺ፣ እርሾው መጣ፣ ሊጡ ኩፍ አለ። ግን ምጣዱ ሳይግል ብታፈሱበትስ? ሴቶች እየሳቃችሁ ነው፣ አውቃለሁ! ዓይን የሚባል ነገር የለም። ይለጠፋል፣ ይፈረፈራል። እርሾዋን የሰጠቻችሁ ጎረቤት ምን አጠፋች? ምንም። እርሾው ደህና ነው፤ ምጣዱ ነው ቀዝቃዛ። የተዳቀለ ችግኝ ዘር ያመጣላችኋል፣ ሙቀት ግን አያመጣላችሁም። ለገጣፎ ለማንጎ ያልጋለ ምጣድ ነው።

"ታዲያ ማዳቀሉ ምን ጠቀመ?" ለምትሉ፦ ቦታው ቆላ ሲሆን ይጠቅማል። ከፍሬ የበቀለው ስድስት፣ ሰባት ዓመት እና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ የተዳቀለው በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ይጀምራል። ዛፉም አጠር ስለሚል በእጅ ይለቀማል፣ በዱላ አይረግፍም።

"የእኛ ግቢ ግን አፍርቷል" ያላችሁም አላችሁ። አምናችኋለሁ! ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር፣ ከነፋስ ተጠልሎ የቆመ ዛፍ ጥቂት ፍሬ ሊይዝ ይችላል። ለልጆች ደስታ ይበቃል፤ ለንግድ አይበቃም። ጋሞን ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል፤ ደጋው ጨንቻ ላይ አፕል ይለቀማል፣ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ማንጎና ሙዝ ነው። ዞኑ አንድ፣ ርቀቱ ቅርብ፣ ከፍታው ግን ሌላ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ አሁን ወደ ገንዘቡ ነው የምገባው።

አዲስ አበባ ዳር ማንጎ እርሻ ሳይሆን ገበያ ነው። ኃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የሚደርሰው ማንጎ ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበስላል። ገበሬው ማቆያ የለውም፤ ዛሬ ካልሸጠ ነገ ይበሰብስበታል። ስለዚህ ዋጋ የሚቆርጠው ነጋዴውና ደላላው ነው። ፍሬው መኪና ላይ ተደራርቦ ሲጫን የታችኛው ይቀጠቀጣል፤ ጭማቂ ቤት ሲደርስ ግማሽ ጎኑ የጠቆረ ማንጎ ገጥሟችሁ አያውቅም? ጉዳቱ መኪናው ላይ ነው የደረሰበት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበት ፍሬ መንገድ ላይ ሲበላሽ ያሳዝናል። እዚህ ዳርቻው ላይ ቦታ ላላችሁ፣ ማንጎ ከመትከል ይልቅ ማንጎ በሳጥን ተቀብሎ፣ ለይቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆይቶ ለጭማቂ ቤት ማከፋፈል የተሻለ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ብርዱ እንኳ እዚህ ላይ ያግዛችኋል።

ቆላ መሬት ያላቸው ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ለእነሱ ችግኝ ላኩላቸው፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራባቸው ከቆዩት ዝርያዎች ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ አሉ። ያረጀውን ዛፍም ሳይነቅሉ ቆርጠው አዲስ ቅርንጫፍ ሊያዳቅሉበት ይችላሉ።

ግን ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ቅጠሉን ገልብጡት! በፈረንጆቹ 2010 ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይመስላል፤ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ይተዋል፣ ገዢም አያነሳውም። ራሱ ሩቅ አይሄድም፤ በችግኝ የምናጓጉዘው እኛ ነን። ነጭ ካያችሁ ያን ችግኝ አትግዙ፣ ከአጠገቡ ያለውንም አትግዙ።

ለለገጣፎ ግቢ ምን ይተከል ለምትሉ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አቮካዶን ይዤ እመጣለሁ። ግቢያችሁ የት እንደሆነና ውኃ እንዳለው ከታች ጻፉልኝ፣ ከዚያ ተነስቼ ነው የማዘጋጀው።