የአባት ደረት

እንደምን ከረማችሁ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር የያዝኩት፤ እሱ ይቆየን። ባለፈው ስለ «ወረቀት ያዡ»፣ ያለቀኑ የተወለደ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ወረቀት ይዞ ስለሚሯሯጠው አባት፣ ስናወራ ሰዓት አልቆብን ያላዳረስነው አንድ ደቂቃ አለ፤ እሱ ነው አልለቅ ያለኝ። ሲስተሯ ከውስጥ ብቅ ብላ «የሕፃኑ አባት፣ ና ግባ፣ ሸሚዝህን ፍታው» የምትልበት ደቂቃ። ለካንጋሮ ነው፤ ልጁን ገላ ለገላ ደረት ላይ አስጠግቶ ማሞቅ ማለት ነው።

ወረቀት ያዡን መቼም ታውቁታላችሁ። ከፋርማሲ ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ካርድ ክፍል፤ ደረሰኙ በእጁ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ። ከደንቢያ ወይ ከዳባት የሚደውል ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ይለዋል፣ እሱ «አሜን» ብሎ ዝም ይላል። ምን ይበል? ልጁ በ31 ሳምንቱ ነው የተወለደው፣ 1400 ግራም ነው፣ አፍንጫው ላይ ሲፓፕ፣ አየር በግፊት የሚሰጠው ቱቦ፣ አለ። ገንፎው አልተገነፋም። 40ኛው ቀን ሲመጣ ልጁ ቤት ይሁን ሆስፒታል የሚያውቅ የለም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይህንን ሰው «ክፈል፣ ግዛ፣ አምጣ» ያላለው ሰው የለም። አሁን ነው እንግዲህ ሸሚዝህን ፍታው የሚባለው።

ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ እጅ ነው። ሰዓትና ቀለበት ይወልቃል፤ በውኃና በሳሙና እስከ ክርን ድረስ፣ ቢያንስ 40 ሰከንድ ይታጠባል። ጉንፋን የያዘው ወይም ደረቱ ላይ ቁስል ያለበት ከሆነ ቀኑ ይተላለፋል። ሽቶ አይቀባም። የደረት ፀጉር መላጨት አያስፈልግም፤ ይኼ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደል ማለት አለበት፤ ከሌለ አልጋ ላይ ጋቢ ተነባብሮ ጀርባው ይደገፋል። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ነው የሚቀረው። ወተት ከወሰደ ወዲያው አይነሳም፤ ያስመልሰዋል።

ከዚያ ማንሳቱ። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ ልጁን፣ ሌላዋ ቱቦዎቹን። ከመነሳቱ በፊት የአፍንጫውና የእጁ ፕላስተር ይታያል፤ ቱቦ የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነውና። አንድ እጅ ከአንገትና ከጭንቅላት ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር። ቀጥ ብሎ ደረት ለደረት ይቀመጣል፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። አንገቱ... እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። አገጩ ወደ ደረቱ ከወደቀ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል፤ እንደ ቀጭን ጎማ ነው፣ ገና አልጠነከረም። ወደ ኋላ ከበዛም እንዲሁ ይዘጋል። በትንሹ ቀና ማለት ብቻ ነው። ጨርቁ ከጆሮው ሥር ጀምሮ ይታሰራል፤ ደረት ላይ ጠበቅ፣ ሆድ ላይ ላላ ይደረጋል፤ በሆዱ ነው የሚተነፍሰው። ከላይ ጋቢ ይደረባል።

እና ያኔ፣ ገና ጋቢው ሳይስተካከል፣ ሞኒተሩ ይጮኻል።

ይቺን ነው በአእምሮዬ የማመላልሳት። አባትየው ምን ያደርጋል? እጁን ያነሳል። ልጁን «ውሰዱት» ማለት ይጀምራል። የኦክስጅኑ ቁጥር 92 የነበረው 84 ሆኗል፤ የገደለው ይመስለዋል። ግን አንድ ሕፃን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኦክስጅኑ ለጥቂት ጊዜ ወረድ ሊል ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲረጋጋ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚታየው ሞኒተሩ ሳይሆን ልጁ ነው። ከንፈሩ ምን መስሏል? ደረቱ ይንቀሳቀሳል? ቀጥሎ እግሩ ላይ ያለችው ኦክስጅን የምትለካው መብራት፣ ተንሸራትታ እንደሆነ። ቀጥሎ ሲፓፑ፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል ወይ? ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቱቦ ከውኃው ሥር 5 ወይም 6 ሳንቲሜትር የተጠለቀው ለዚህ ነው፤ ልጁ ሲያስወጣ ሳንባው እንዳይጣበቅ ወደ ኋላ ግፊት ይሰጣል። ድምፁ ከጠፋ ግፊቱ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ወይ የአፍንጫው መሰኪያ ወጥቷል፣ ወይ የልጁ አፍ ተከፍቷል፣ ወይ ጠርሙሱ ጋ ያለው መጋጠሚያ ላልቷል። ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀም ውኃም አለ፤ ወደ አፍንጫው እንዳይፈስ ቱቦው ከልጁ ዝቅ ማለት አለበት። ይኼን ሁሉ አባት በጆሮው ይለምደዋል። እውነቴን ነው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያንን ድምፅ ከእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ይለያል።

እውነተኛው የትንፋሽ መቆም ግን አለ። ከ20 ሰከንድ በላይ ትንፋሽ ከቆመ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ከወረደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ። ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ ነው፤ ለዚህ ነው ካፌይን ወይም አሚኖፊሊን የሚሰጠው። ያኔ ነርሷ እየተጠራች አንገቱ ይስተካከላል፣ ጀርባው ወይም የእግሩ ሥር ይታሻል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት፣ መንፋት የእነሱ ሥራ ነው። ግን ጀርባ ማሸቱ... የአባት እጅ እኮ እዚያው ጀርባው ላይ ነው። ከማንም ሰው ይልቅ ቅርብ ያለው እሱ ነው! ይኼን በሩ ላይ ሲቆም ማን ነገረው?

እ... ወደ ሌላ ልሂድ።

«የሰባት ወር ይተርፋል፣ የስምንት ወር አይተርፍም» ሲባል ሰምታችኋል። ይኼ ነገር ሰው ያስጨንቃል። በ33 እና በ34 ሳምንት የተወለደ ልጅ ይዘው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። ሳንባን ከውስጥ የሚያላላው ቅባት መሰል ፈሳሽ በበቂ መጠን የሚዘጋጀው ወደ 34 ሳምንት ገደማ ነው። በማኅፀን የቆየ እያንዳንዱ ሳምንት ለልጁ ትርፍ ነው። ስምንት ከሰባት ይሻላል፣ አለቀ።

ኪሎውም እንደዚያው። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከአሥር አንድ እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። «እየመነመነ ነው» ብሎ የሚያለቅስ አለ። በሁለት ሳምንት አካባቢ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለ1400 ግራም ልጅ በቀን 20 ግራም ገደማ ጥሩ ነው።

ወተቱን ልጨምር፣ ይቺም የአባት ሥራ ልትሆን ስለምትችል። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ የሚገጣጠሙት ከ34 ሳምንት አካባቢ ነው፤ እስከዚያ በቱቦ ነው። ከእንገር ጠብታ ይጀመራል፣ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሙሉ ሲደርስ በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ብንይዝ ለ1400 ግራም ልጅ በቀን 224 ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ፣ ስምንት ጊዜ፣ 28 ሚሊ ሊትር። ሲሪንጁ መግፊያው ይወጣና ቀፎው ብቻ ይያዛል፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አይገፋም። ከተገፋ ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ወተቱ ይቆማል፣ ሐኪም ይጠራል፤ አንጀቱ እየታመመ ሊሆን ይችላል።

ካንጋሮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ነው የተጀመረው፤ ኢንኩቤተር አልበቃ ሲል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ፣ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር ሞት በ25 በመቶ ቀነሰ። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ከተወለደ ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ብዙ ሰዓት ካንጋሮ ይደረግ አለ።

እስኪ አስቡት። እናትየዋ በኦፕሬሽን ወልዳለች። በቀን ስምንት ጊዜ ወተት ማለብ አለባት። መብላት፣ መተኛት፣ መታጠብ አለባት። በቀን 20 ሰዓት ብንል እንኳ፣ ብቻዋን ከየት ታመጣለች? አይሆንም። የሁለተኛ ሰው ደረት ያስፈልጋል፣ የአባት ደረት ደግሞ ያሞቃል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበዛል፤ የልጁ ብብት ሲለካ ከ37.5 ዲግሪ ካለፈ ጋቢው ይነሳል፣ ከ36.5 ከወረደ ይደረባል። የጎንደር የክረምት ሌሊት ላይ ይቺ ልዩነት ትንሽ አይደለችም።

ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአባት ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ተከታታይ ቀን። በ31 ሳምንት የተወለደ ልጅ ሆስፒታል የሚቆየው በሳምንታት ነው። ማታ ማታ ይምጣ እንበል። ማታ ደግሞ የካንጋሮ ክፍሉ የእናቶች ነው፤ አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው፣ ደረታቸውን ገልጠው የሚተኙበት። እዚያ ወንድ ይግባ ማለት እችላለሁ? የማላውቃት አራስ እኅት፣ ከገጠር የመጣች፣ ነጠላዋን የምትስብበት ምክንያት እኔ ልሁን? እሷም መብት አላት፣ ማንም አይከራከራትም። መጋረጃ ይጋረድ የሚል አለ። ሰዓት ይከፋፈል የሚል አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት የአባቶች። ሁለት ሰዓት ግን ከ20 ውስጥ ምንድን ነው? ከምንም ይሻላል፣ ልክ ነው። ግን ሌሊቱን የምታሳልፈው ያችው ያልተኛችው እናት ናት፣ እሱ ደግሞ አዘዞ ወይም ማራኪ ሰፈር የተከራየው ክፍል ውስጥ ጣራ እያየ...

አላውቅም። መጋረጃው እንኳ ቢገኝ፣ ጥበቃው በሩ ላይ «ወንድ አይገባም» ካለ መጋረጃው ምን ይሠራል? ወይስ አያት ትግባ? የሴት አያትም ደረት ይሠራል እኮ፣ ያ ደግሞ አንዱ መንገድ ነው። ግን ከዚያ አባትየው እንደገና ወረቀት ያዥ ሊሆን ነው ማለት ነው፣ እና ያ...

ነርስ የሆናችሁ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ በእናንተ ክፍል ሌሊቱን እንዴት እንደምታደርጉት ላኩልኝ። እኔ እስካሁን...