ፍሬውን ሳናይ «ጥድ» አንበል

የተከበራችሁ የደብራችን አባቶች፣ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ክረምቱ ሳይገባ ስለ ተከላው እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ጉድጓዱና ስለ ኮምፖስቱ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔን ያመጣኝ የጥዱ ነገር ነው።

ያኔ «የሀበሻ ጥድ» ተብሎ የመጣልንን ችግኝ ታስታውሳላችሁ። እናቶቻችን በበጋው ከወንዝ ውኃ እያመላለሱ አጠጡት፤ ልጆቻችን ከፍየል ጠበቁት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ጸደቀ። አሁን ከምሥራቁ ቅጥር ሥር ቆማችሁ ቀና በሉ። የተንጠለጠለው ፍሬ እንጨት ነው! ድቡልቡል፣ በየክፋዩ መሐል ሹል ጫፍ ያለው፣ ሲደርቅ ተከፍቶ ደቃቅ ዘር የሚበትን። ይህ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ነው። የእኛ ጥድ ፍሬ ለስላሳ ነው፤ አተር ያህላል፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወፎች ይበሉታል።

የፈረንጁን ጥድ አልጠላም። ቶሎ ያድጋል፤ ለአጥርም ለቤትም ይሆናል። ግን በራሱ ስም ይምጣ!

የችግኝ ጣቢያዎቹን ስንጠይቃቸው «ቅጠሉ ስለሚመሳሰል ነው» አሉን። እውነት ነው፤ ሁለቱም በችግኝነታቸው መርፌ መሰል ቅጠል ያወጣሉ፤ ሲያድጉም ቅጠላቸው ደቆ ከቅርንጫፉ ጋር ይለጠፋል። ዘሩስ? እንጨታም ፍሬ አድርቆ ማራገፍና ለስላሳ ፍሬ አሽቶ ማጠብ አንድ ሥራ ነው? ዘሩን ያዘጋጀው ሰው ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም!

አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻን ደን ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ጥድ እንዳስተከሉ ይነገራል። የዚያ ዘር መነሻ እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ፤ የእኛ ጣቢያዎች ግን የአምና ዘራቸው ከየት እንደመጣ አይነግሩንም!

ስለ ሌሎቹ ዛፎች ባጭሩ ልናገር። ዝግባ ጠፍጣፋና ቀጭን ቅጠል አለው፤ እንጨታም ፍሬ አያፈራም። ፓቱላ የሚባለው ሌላው የፈረንጅ ዛፍ ረጅምና ወደ ታች የተንዠረገገ መርፌ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስቱ ከአንድ ሥር ይወጣሉ። ፍሬ የሌለበት ጥድ ስታዩም «አይደለም» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የሀበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው።

ለኮሚቴው የማቀርበው ይህ ነው፦ ዘንድሮ ጥድ የሚያመጣ ጣቢያ እናት ዛፉ ያለበትን ቦታ በጽሑፍ ያስረክብ፤ ከዚያው ዛፍ የተለቀመ ፍሬም በከረጢት ይዞ ይምጣ። ፍሬውን ካላየን መኪናው ችግኙን እንደጫነ ይመለስ።