ካርድ ላይ ያለውና ቤት ውስጥ ያለው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አረጋውያንን ቤት ውስጥ የምትንከባከቡ ቤተሰቦችና የጤና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ አረጋውያን ያሉበት ቤት ድረስ እየሄድኩ የሚወስዱትን መድኃኒት ማየት ነው። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ካርድ ላይ የተጻፈው መድኃኒትና አረጋዊው የሚውጡት መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ይህንን ደግሞ ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ቤት ስገባ "ምን ይወስዳሉ?" ብዬ አልጀምርም። "ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጡልኝ" ነው የምለው። ከመሳቢያው፣ ከትራስ ሥር፣ ከፍሪጁ፣ ከቦርሳው። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ ጉዱ ይወጣል። የግፊት መድኃኒቱ ኤናላፕሪል በሁለት የንግድ ስም፣ በሁለት ካርቶን ይገኛል። አንዱ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠ ነው፣ ሌላው የድሮው። ሁለቱም ይወሰዳሉ። የክኒኖቹ ቀለም ስለሚለያይ አንድ ናቸው ብሎ የጠረጠረ የለም። አጠገቡ ዳይክሎፌናክ አለ። ጎረቤት ለጉልበት ሕመም ብላ የሰጠችው ነው፣ ካርድ ላይ አልተጻፈም። ጎረቤቷ ክፉ አላሰበችም። ግን ኤናላፕሪል፣ ውሃ የሚያሸና ክኒንና እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጎዱ ይችላሉ። ተቅማጥ ካለ ወይም ውሃ በደንብ ካልተጠጣ ደግሞ ይብሳል።

ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል። ጡንቻም ስለሚሳሳ የኩላሊት የደም ምርመራ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። ከኩላሊት ውጭ ባለ ምክንያትም መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ረዝሞ ሊቆይ ይችላል። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠውን ዳያዚፓምን እንደ ምሳሌ እንይ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ የ20 ዓመት ወጣት ላይ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ80 ዓመት አዛውንት ላይ ግን ወደ 90 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ለእንቅልፍ ተብሎ በየማታው ሲደገም ይጠራቀማል። ከዚያ ጠዋት መንገዳገድ ይመጣል፣ መርሳት ይመጣል፣ መውደቅ ይመጣል። ቤተሰብም "እርጅና ነው እንግዲህ" ብሎ ይተወዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የምታሳዝነኝ ይህች "እርጅና ነው" የምትባል ነገር ናት። አንዲት እናት ለግፊት አምሎዲፒን ይጀምራሉ። እግራቸው ያብጣል። እብጠቱ አዲስ በሽታ ተመስሎ ውሃ የሚያሸና ክኒን ይታዘዛል። ሌሊት ደጋግመው ይነሳሉ፣ በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ አዞሯቸው ይወድቃሉ። እብጠቱን ያመጣው ግን አምሎዲፒኑ ራሱ ነበር። አንድ መድኃኒት ሌላውን እየጠራ እንዲህ ይቀጥላል። አረጋዊ ላይ አዲስ ምልክት ስታዩ አስቀድማችሁ "በቅርቡ ምን ተጀመረ? ምን ተጨመረ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የትኛው መድኃኒት ለአረጋውያን እንደሚያሰጋ በየቤቱ እየገመትን አንሠራም። ማርክ ቢርስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ዝርዝር አለ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እያደሰ እ.ኤ.አ. በ2023ም አውጥቶታል። ዳያዚፓም እዚያ ውስጥ አለ። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም አለ። ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላሚድም አለ፣ ስኳርን አውርዶ ረጅም ሰዓት ሊያቆይ ስለሚችል። አረጋዊ ላይ ስኳር ሲወርድ ላብና መንቀጥቀጥ ላይታይ ይችላል። ግራ መጋባት ወይም መፍዘዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። እናታችሁ ምግብ እምቢ ባሉበት ቀን ክኒኑን እንደ ልማዱ አትስጡ። መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ሰምታችሁ ቤት ስትገቡ መድኃኒቱን ሰብስባችሁ እንዳትጥሉ። ዳያዚፓም፣ የልብና የግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል፣ እንዲሁም ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ተወስደው በድንገት ሲቋረጡ ራሱን የቻለ አደጋ ያመጣሉ። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው። መዋጥ ሲያቅታቸውም እየፈጨን እንስጥ የምትሉ አላችሁ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን ባንዴ ይገባል። ሳትፈጩ በፊት ጠይቁን፣ ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ አለ።

በጣም የምፈራው ሳምንት ከሆስፒታል የተወጣበት ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ መድኃኒት ደህንነት ዘመቻ ሲጀምር ካተኮረባቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ሕመምተኛ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላ የሚዘዋወርበት ጊዜ ነው። እውነታቸውን ነው። አዲሱ ይጨመራል፣ አሮጌው ይቁም ያለ ሰው ግን የለም። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው፣ ነርስም ሆነ ፋርማሲስት፣ ቤት ድረስ ሄዶ ሁለቱን ማስተያየት አለበት። ይህ እንደ ትርፍ አገልግሎት መታየቱ ይቅር። ሕክምናው ራሱ ነው።

ሐኪሞችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ማዘዣው ላይ ከመድኃኒቱ ስም ጎን ለምን እንደታዘዘና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ጻፉልን። "ለእንቅልፍ፣ ለሁለት ሳምንት" የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ክኒኑን የምትሰጠው ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ደውላ ትጠይቀናለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።